ድምፅ የሚያዩት ሴትዮ

በሕይወቴ ብዙ ስም ወጥቶልኛል። ግትር ተብያለሁ፣ ለፍላፊ ተብያለሁ፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ ምን ይሉኝ እንደነበር ደግሞ እነሱ ይወቁት። ጠንቋይ ለመባል ግን ጡረታ መውጣት፣ ቡራዩ መግባትና አንድ ላሜራ መግዛት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ፤ ዶክተር አስካለ። ዕድሜዬን በሙሉ ፊዚክስ ሳስተምርና ስመራመር ነው የኖርኩት፤ ሙያዬ ድምፅና ንዝረት ነው። ጡረታ ስወጣ ቡራዩ ቀስ በቀስ ወደሠራናት ቤታችን ገባን። ባለቤቴ ግርማ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ስለወጣ በጡረታ ጉዳይ አለቃዬ የሆነ ይመስለዋል። «እንግዲህ አርፈን እንቀመጣለን» አለኝ በመጀመሪያው ሳምንት። እኔ ደግሞ አርፎ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ማንም አስተምሮኝ አያውቅም።

ድሮ ክፍል ውስጥ ለተማሪ የማሳየው አንድ ሙከራ ነበር። ስስ ላሜራ መሃሉ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ከላዩ አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ከዚያ ጠርዙን በማሲንቆ ደጋን መሳብ ነው። ላሜራው ይጮኻል፣ አሸዋው ይዘላል። ዘሎ ዘሎ ላሜራው የማይንቀጠቀጥበት ቦታ ሲደርስ እዚያ ይሰለፋል። በዓይን የማይታየው ድምፅ መስመር መስመር ሆኖ፣ አበባ ሆኖ፣ ጥልፍ ሆኖ ፊታችሁ ቁጭ ይላል። ይህን ያህል ዘመን ሳሳየው አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ደወል ይደወላል፣ «ቀመሩን ጻፉ» እላለሁ፣ አሸዋውን ጠርጌ እወጣለሁ። ጡረታ ወጥቼ ጓሮ ውስጥ ብቻዬን ስሞክረው ግን ደጋኑን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። በጣም ያምር ነበር፤ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ሠዓሊ የሆንኩት እንደዚያ ነው። ላሜራውን ጥቁር ቀባሁት። አሸዋው ቀለሙን እየፋቀ ሲያስቸግረኝ በጤፍ ተካሁት፤ ጤፍ ቀላል ነው፣ እንደ ልቡ ይዘላል። የወደድኩትን ቅርፅ ኮላ በተቀባ አቡጀዲ እያተምኩ በፍሬም መስቀል ጀመርኩ። ግርማ ጤፉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «እህል ነው እኮ አስኩ፣ በእህል ይቀለዳል?» እያለ ከረመና በመጨረሻ አንድ ጣሳ ነጭ፣ አንድ ጣሳ ቀይ ለይቶ ሰጥቶኝ የቀረውን ጓዳ ቆለፈበት።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ፤ ማብራራት አልተውኩም። በየሥዕሉ ግርጌ አንድ ሙሉ ገጽ ማብራሪያ እለጥፍ ነበር። አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሥራዬን ባሳየሁ ጊዜ ሰዉ ገና ቀና ብሎ ሳያይ እኔ ስለ ድግግሞሽ እጀምራለሁ። አንዷ ሴት እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝና «የጠረጴዛ ልብስም ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ማብራሪያዬን አስረዘምኩት።

ጠንቋይ ያሰኘኝም ይኸው ማብራሪያ ነው። ላሜራውን የቆረጠልኝ ባለ ብረት ቤት «ለበር ነው ለመስኮት?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ለአንዱም አይደለም፤ ድምፅ ለማየት ነው» አልኩትና ማስረዳት ጀመርኩ። እሱ ብየዳውን አቁሞ ሰማኝ። የሰማውን ለጎረቤቱ አወራ፤ ጎረቤቱ ደግሞ ለሚኒባስ ረዳት። ከዚያ በኋላ ወሬው የማንም አልነበረም፤ በአስኮ አልፎ፣ አዲሱ ገበያ ወርዶ፣ ሱሉልታ ሲደርስ «ቡራዩ ውስጥ እህል በትነው ድምፅ የሚያዩ አዋቂ ሴትዮ አሉ» ሆኗል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ ጓሮ ላሜራዬን እየወለወልኩ ነበር። በር ተንኳኳና ግርማ ከፈተ። የሴት ድምፅ «የአዋቂዋ ቤት ይኼ ነው?» ሲል ሰማሁ።

ግርማ የዋህ ሰው ነው። በዚህ ሰፈር የሚስቱን ትምህርት የሚያውቅለት ሰው በመጥፋቱ ሲቆጭ የኖረ ነው። «ነው እንጂ» አለ፣ በኩራት። «በጣም አዋቂ ናት። ግቡ፣ ግቡ።»

ሁለት ሴቶች ገቡ። አንደኛዋ ከእኔ ጥቂት የሚያንሱ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው፤ ጋቢያቸው ውስጥ አንድ ነገር ይንፈራገጣል። ሌላዋ ጂንስ የለበሰች፣ መሬት መሬት የምታይ ልጅ ናት።

«አካም ጅርቱ» አሉኝ ሴትዮዋ ዝቅ ብለው።

«ፈያዳ፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ኦሮምኛዬ ሰላምታና ገበያ ላይ ያልቃል። እሳቸውም ተረድተውኝ ነው መሰለኝ አማርኛውን ቀጠሉ። ስማቸው አዴ ወርቂቱ (አዴ ወይዘሮ ማለት ነው)፣ ልጅቷ ሌንሳ፣ የመጡት ከሱሉልታ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርገው እግሩ የታሰረ ገብስማ አውራ ዶሮ እግሬ ሥር አስቀመጡ።

«ቀይ ይሁን ገብስማ የነገረኝ ሰው የለም፤ ካልሆነ እቀይራለሁ» አሉ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይቀመጣሉ?»

«ተቀምጫለሁ እኮ» አልኩ ዱካዬን እያሳየሁ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን አሁንም አልገባኝም ነበር። ሥዕል ሊገዙ የመጡና እጅ መንሻ ያመጡ ደግ የገጠር ሰዎች መስለውኛል።

«የመጣሁት» አሉ አዴ ወርቂቱ፣ «የልጄን ኮከብ እንዲያዩልኝ ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ፤ ‹ይቀመጣሉ?› ያሉኝም እንደ ጠንቋይ ለጠያቂ መቀመጤን ነው። ቀና ብዬ ግርማን አየሁት። እሱ ሆዬ ዶሮው አሳዝኖት ከእግሩ ላይ ገመዱን እየፈታ ነው።

አስተማሪ ነኝና እንደ አስተማሪ ጀመርኩ። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም፤ የፊዚክስ ሰው ነኝ። ኮከብ ማለት፣ አዴ ወርቂቱ፣ ሰማይ ላይ ያለ እጅግ በጣም የሚግል፣ የሚነድ ነገር ነው።»

«አዎ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የእሷም እሳት ነው ተብሏል።»

ከዚህ በኋላ አፌን ዘግቼ መስማት ነበረብኝ፤ ሰማሁ። ሌንሳ ሱሉልታ አንድ የውሃ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቶሎሳ የሚባል የሰበታ ልጅ በጭነት መኪና ውሃ ሊጭን ሲመላለስ ተዋደዱ። ሽማግሌ ተላከ። አባቷ «እናቷ ያለችው ይሁን» ብለው ለቀቁ። ነገ እሑድ ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ከሰበታ ይመጣሉ። እናትየው ግን በመሃሉ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄደዋል። የእሷ እሳት፣ የእሱ ውሃ ወጣ።

«ያጠፋታል አለኝ» አሉ። «ዓመት አትሞላም አለኝ።»

«ሥራው እኮ ነው ውሃ» አለች ሌንሳ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሹፌር ነው፣ ውሃ ያመላልሳል። ኮከቡን ሳይሆን መኪናውን ነው የቆጠረው።»

ልስቅ ነበር። የሴትዮዋን ፊት ሳይ ግን ተውኩት።

«ታላቋን ጫልቱን ስድር ማንንም አልጠየቅኩም» አሉ አዴ ወርቂቱ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡ ጨዋ ነው፣ በቃ አልኩ። ዓመት ሳይሞላት በወሊድ ሞተችብኝ። ሰውየው ይኼን ስነግረው ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ለፊተኛዋም ያኔ ብትጠይቂኝ ኖሮ› አለኝ።»

ደሜ ፈላ። ልጇን ለቀበረች እናት እንዲህ ብሎ የሚናገር አፍ እንዴት ምግብ ይበላበታል? አጠገቤ ቢሆን በደጋኔ እለው ነበር።

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ቶሎሳን እፈልገዋለሁ» አለች። «ግን እማዬ እየፈራች አልዳርም። በየቀኑ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሞተች ብላ ስትደነግጥ መኖር አልችልም። እምቢ ካለች ነገ እምቢ ይባላል፣ ያበቃል።»

እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው። የሁለት ልጆች ትዳር እኔ ጓሮ፣ በአንድ ላሜራና በሁለት ጣሳ ጤፍ ፊት መጥቶ ቆሟል። ያመጣቸው ደግሞ የእኔ ማብራሪያ ነው።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ሁሉንም በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ። አስማት አለመኖሩን ሲያዩ የኮከብ ቆጣሪውም ነገር ከንቱ መሆኑን ይረዳሉ። ከዚህ በላይ ቀላል ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም ብዬ ተነሳሁ።

«ተመልከቱ» አልኩ። ነጩን ጤፍ ነሰነስኩ። ጣቴን በላሜራው ጎን መካከል ላይ አሳረፍኩና ደጋኑን ጥጉ ላይ ሳብኩ። ላሜራው ጮኸ፤ የሰፈሩ ውሾች መለሱለት። ጤፉ ዘለለ፣ ተተራመሰ፣ ተሰለፈ።

የወጣው መስቀል ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ በጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ የተሰመረ መስቀል።

አዴ ወርቂቱ «በስመ አብ» ብለው ተንበረከኩ።

«አይደለም፣ አይደለም፣ ይነሱ» አልኩ እየተጣደፍኩ። «ይኼ መስቀል አይደለም። ላሜራው አራት ማዕዘን ስለሆነ መሃሉ ላይ የማይንቀጠቀጡ ሁለት መስመሮች…»

«አስኩ» አለ ግርማ ከበሩ፣ ኮፍያውን አውልቆ። «መስቀል ነው እኮ።»

ይኼ ሰው ላሜራውን ስንት ጊዜ አይቶታል መሰላችሁ! እህል በማባከኔ ሲበሳጭ ቅርፁን አላየውም ነበር። ለማንኛውም ትምህርቴ አፍንጫውን ተመታ። ያኔ ብተወው ኖሮ ሁሉም በሰላም ያበቃ ነበር፤ መስቀል ወጣ ተብሎ፣ እልል ተብሎ ይኬድ ነበር። እኔ ግን ተማሪ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ መልስ ላይ ሲደርስ ዝም ማለት አልችልም።

«ቆይ፣ እዩ» አልኩ። «ምልክት ቢሆን ኖሮ እንደፈለግኩ አልቀይረውም ነበር። እኔ ግን እቀይረዋለሁ።» ጤፉን በታተንኩት። አሁን ጣቴን ጥጉ ላይ አድርጌ ደጋኑን ጎኑ ላይ ሳብኩ።

ፊዚክስ የታዘዘውን አደረገ። መስቀሉ ጠፍቶ ከጥግ ጥግ የተጋደሙ ሁለት መስመሮች ወጡ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል የሌንሳ ፊት አመድ መስሏል።

«ኤክስ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አላሰብኩትም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ በተማሪ ወረቀት ላይ ያንን ምልክት ሳሰምር የኖርኩ ሴት፣ ላሜራ ላይ ሲወጣ አላወቅኩትም። አዴ ወርቂቱ ፊደል አልቆጠሩም። ግን ልጆች አስተምረዋል፤ ደብተር ላይ ኤክስ ሲያዩ ልጁ ስህተት መሥራቱን ያውቃሉ።

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና ተነሱ። «ገላቶማ» ብለው በትሁት ድምፅ አመሰገኑኝ። «እውነቱን ነገሩኝ። መስቀሉን አሳይተው መልሱን አሳዩኝ። ተነሺ ሌንሳ፣ መኪና ሳይጠፋ።»

ሌንሳ አልተነሳችም። አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከታ ላሜራውን ብቻ ታያለች። እኔ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምን ብዬ? ባብራራሁ ቁጥር ነገሩ ሲባባስ እያየሁ ነው።

በዚህ መሃል ግርማ ገመዱን የፈታለት አውራ ዶሮ ክንፉን አራግፎ ላሜራው ላይ ወጣ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ኤክሱን ከአንደኛው ጫፍ ጀምሮ ይለቅመው ገባ። ዶሮ መቼም ተሰልፎ የቀረበለት ጤፍ አይቶ አያውቅም፤ መስመሩን ተከትሎ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ መሃል ደረሰ፤ እዚያ ትንሽ አሰበና ወደ ሁለተኛው መስመር ታጠፈ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

«በላው እኮ» አለ ግርማ።

«በላው?» አሉ አዴ ወርቂቱ። ወደ እኔ ዞሩ። «ሲበላው ምን ማለት ነው? ጥሩ ነው መጥፎ?»

ሁሉም እኔን ያያሉ። ዶሮውም ቀና ብሎ ያየኝ መሰለኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ላቆመው ብል አልቆም አለኝ። ሌንሳም ሳቀች፣ ግርማም ሳቀ። እናቷ ግን አልሳቁም። በጭንቀት ጠበቁኝ።

«የተበላ መልስ፣ መልስ ነው?» አሉ።

«አይደለም» አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ። «ሙከራ ከተበላሸ ይደገማል።» ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም፤ ንጹሕ ሳይንስ ነው። ሳይንስ ከግቢዬ ከመውጣቱ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ቃል ነው ማለት ይቻላል።

ግርማ ዶሮውን አወረደው። ከነጩ ጤፍ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የቀዩንም ጣሳ አመጣሁ። አዴ ወርቂቱ ሁለቱን ጣሳዎች አየት አየት አደረጉ። ከዚያ «ነጩ የእሷ ይሁን» አሉ። «ቀዩ የእሱ። ቶሎሳ ጠየም ያለ ነው።»

ማብራሪያዬ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ጤፍ የማን እንደሆነ አያውቅም፣ ላሜራው ላይ የሚሆነው ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው ልል ነበር። ግን እጃቸውን አየሁት። ጣሳው ውስጥ ገብቶ ጤፉን በጥንቃቄ ይዘግናል። ዋጥኩት።

ሌንሳ ነጩን በአንዱ በኩል ነሰነሰች። እናቷ ቀዩን በሌላው በኩል ነሰነሱ። መሃሉ ላይ ጥቁር ክፍተት ተዉ፤ እንዳይነካካ ተጠንቅቀው። ጣት የሚያርፍበትን ለሌንሳ አሳየኋት። ደጋኑን ላነሳ ስል አዴ ወርቂቱ «እኔ ልሳበው?» አሉ።

ሰጠኋቸው። መጀመሪያ አጥብቀው ተጫኑት፤ ላሜራው አቃሰተ እንጂ አልጮኸም። «ቀለል አድርገው ይያዙት» አልኩ። እንደገና ሞከሩ፤ ተንሸራተተ። በሦስተኛው ደጋኑ ያዘ። ላሜራው ጓሮውን ሞላው፤ እሳቸውም ደንግጠው አላቆሙም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። ነጩ ከዚህ፣ ቀዩ ከዚያ ተነስቶ ዘለለ። ክፍተቱ ጠፋ። ጤፉ እንደ ፍል ውሃ ተንተክትኮ ቀስ እያለ መስመሩን ያዘ። የወጣው ቅርፅ ከዚያ በፊት አውጥቼው የማላውቀው ነው፤ ከመሃል ተነስተው ወደ አራቱም ጥግ የሚከፈቱ ቅጠሎች።

አዴ ወርቂቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ቅጠሉን አላዩትም። ጎንበስ ብለው ጤፉን አዩት፤ ልክ ገበያ ላይ እንደሚያዩት። አንዱን መስመር በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉ፤ አንስተው መዳፋቸው ላይ አሹት። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ ለብቻው የቆመ የለም።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ልጃቸውን። ድምፃቸው ተቀየረ። «ሰርገኛ ሆነ እኮ።»

ነጭና ቀይ የተቀላቀለበትን ጤፍ ሁላችንም የምንጠራው በዚሁ ስም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በልቼዋለሁ፤ ግርማን «ሰርገኛውን አምጣ» ብዬ ገበያ ልኬዋለሁ። ቃሉን ግን ያን ቀን ገና ሰማሁት።

«ሰርገኛ» ደገሙት አዴ ወርቂቱ። «ነገ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ ብዬ ስጨነቅ፣ እሱ ራሱ ሰርገኛ ብሎ ይመልስልኛል?» ብለው ላሜራውን ጠየቁት።

አሁን ፈተናው የእኔ ነበር። ይኼን ማንም አስተማሪ ያውቀዋል። ነጭና ቀይ ጤፍ እዚያ ላይ ከነሰነሳችሁት ይቀላቀላል፤ የጠላቴንና የእኔን ብትነሰንሱም ይቀላቀላል። ይኼን ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግርማም ገብቶታል፤ ሐቀኛ ሰው ነውና «አስኩ፣ ግን ይኼ እኮ የማንም ቢሆን…» ብሎ ጀመረ። ረጅም ትዳር ያላቸው ብቻ የሚያውቋትን አተያይ አየሁት። አፉን ዘግቶ ዶሮውን ታቅፎ ወጣ።

እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቀው የሚያውቀኝ ሰው ብቻ ነው።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። አዴ ወርቂቱ ግን አልተነሱም። እጃቸውን ወደ ነጩ ጣሳ ሰደዱና የቀረችውን ትንሽ ጤፍ ጨበጡ።

«አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ» አሉ። «ለጫልቱ። ያኔ አስቆጥሬላት ቢሆን ትተርፍ ነበር?»

ሌንሳ «እማዬ» አለች። ለካ ሴትዮዋ ከሱሉልታ የመጡት ለዚህች ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ በሩ ላይ የሚባል ሰላምታ ነበር።

እጃቸውን ያዝኩ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከፍቼ ጤፉን ወደ ጣሳው መለስኩት።

«ለዚህ ጤፍ አይነሰነስም» አልኩ።

«ታዲያ ማን ይነግረኛል?»

«እኔ እነግርዎታለሁ። በእርስዎ አይደለም የሞተችው። ልጅዎን የገደላት ወሊድ ነው፣ ኮከብ አይደለም። አስቆጥረውላት ቢሆንም ያው ነበር። እናት የምታደርገውን አድርገዋል።»

«ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

ምሁራን ጉባኤ ፊት እንዲህ አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። እዚያ ሁልጊዜ «ምናልባት» ይጨመራል፣ «እስካሁን በታየው» ይባላል። ያን ቀን ምንም አልጨመርኩም። አዴ ወርቂቱ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ሌንሳም አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ጫልቱን በዓይኔ አይቻት ባላውቅም አለቀስኩላት።

ሲወጡ ሌንሳ በሩ ላይ ትንሽ ወደኋላ ቀረች። እናቷ እንዳይሰሙ ዝቅ ብላ «ዶክተር» አለችኝ፣ «የማንም ጤፍ ቢሆን ይቀላቀል ነበር አይደል?»

«ሥራሽ የት ነው ያልሽኝ?»

«የውሃ ፋብሪካ ላብራቶሪ።»

«እንግዲያው ውሃሽን መርምሪ» አልኳትና በሩን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ እሺታ ሰምተው ሰበታ ተመለሱ። ሠርጉ ላይ እኔና ግርማ ተጠርተን ከቤተ ዘመድ ጋር ተቀመጥን፤ ግርማ ስለ መስቀሉ ለማይጠይቀው ሰው ሁሉ ሲያወራ ዋለ።

እናንተ አንባቢዎቼ አሁን «ዋሽተሻል» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። አንድም የሐሰት ቃል አልተናገርኩም፤ እውነት ነው፣ አንድ እውነት ዋጥኩ። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ታቅፎ የመጣውን ሁሉ ከነዶሮው መልሻለሁ፤ ይኼን ግርማ ይመሰክርልኛል፣ በቅሬታም ቢሆን። ያቺን የዋጥኳትን አንዷን ግን አልጸጸትባትም። ያ ኮከብ ቆጣሪ አንዲት ቃል ወርውሮ እናትየውን አስሯቸው ነበር። እኔ ቃል ነፈግኳቸው፤ የሚፈታቸውን ራሳቸው ፈልገው አገኙት።

የተለወጠው የእኔ ነገር ይኼ ነው። በሳምንቱ ከሥዕሎቼ ግርጌ ያሉትን ማብራሪያዎች ሁሉ አንስቼ ጣልኩ። አሁን ሰው ሲመጣ ወንበር ሰጥቼ ዝም እላለሁ። ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንዱ የእናቱን ጥልፍ ያያል፣ አንዷ ከአውሮፕላን ያየችውን የሱሉልታ ማሳ ታያለች። ላሜራው የሚያውቀውን ያህል እኔም አውቃለሁ፤ ግን የሚያዩት ነገር ከእኔ ሊመጣ እንደማይችል ለማወቅ ያን ሁሉ ዘመን ማስተማርና አንድ ቅዳሜ ዝም ማለት አስፈለገኝ። ሠዓሊ የሆንኩት ላሜራውን የገዛሁ ዕለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ ያን ቅዳሜ ነው።

በቅርቡ ሌንሳ ከሰበታ ደወለችልኝ። ተናዳለች።

«ዶክተር፣ እባክዎን እማዬ ጋ ይደውሉልኝና እውነቱን ይንገሯት። የማንም ጤፍ ቢሆን ይቀላቀል ነበር ይበሏት።»

«ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

«ቶሎሳ ኳስ ሊያይ ሄዶ እንግዳ እያለብን አምሽቶ መጣ። ተጣላንና ሻንጣዬን ይዤ ሱሉልታ ገባሁ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አላስገባ አለችኝ። ‹ሰርገኛ ሆኗል እኮ፣ ማን ቁጭ ብሎ ይለቅመዋል? ይልቅ ሳይመሽ ተመለሺ› ትለኛለች። ደግሞ ትስቃለች።»

«ማን ናት የምትስቀው?»

«እማዬ ናታ። ሆዷን ይዛ።»

እኚያን ሴት ጓሮዬ ተቀምጠው ሲፈሩ አይቻቸዋለሁ፣ ሲያለቅሱም አይቻቸዋለሁ። በሠርጉ ቀን እንኳ ፈገግ ከማለት አላለፉም። ስልኩን እንደያዝኩ ሳቃቸው ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሰብ ሞከርኩ።

ሰው በገዛ ፈቃዱ ማብራሪያ የጠየቀኝ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነበር።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «እናትሽን ስሚ።»